ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ

«እዚያ ቤት ውስጥ ሰው አለ» ትላለች ባለሱቋ። ሳሙና ሊገዛ ለመጣ ትናገራለች፤ የመብራት ቆጣሪ ለሚያነበው ትናገራለች፤ ዝርዝር ፍለጋ ጎራ ላለ መንገደኛ ሳይቀር፣ መልሱን መዳፉ ላይ እያስቀመጠች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። «አይጥ ይሆናላ» ያላት እንደሆነ እጇን ወገቧ ላይ ታደርግና ደሟ ይፈላል።

«የትኛው አይጥ ነው ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚሄደው? ሌሊት ቢሆን እኔም አይጥ ነው ብዬ እተኛ ነበር። እኔ የምሰማው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሰዎቹ ሥራ ከወጡ በኋላ። ሸርተት፣ ሸርተት፣ ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጣቱን ጠረጴዛ ላይ እያንኳኳ ሰው የሚጠብቅ ሰው ነው።»

ወሬው ዞሮ ዞሮ አራት ነጥብ ዘንድ ደረሰ። አራት ነጥብ የቤቱ ሻጭ ናት። ስሙን ያወጡላት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ባልደረቦቿ ናቸው። ባለጉዳይ ፊቷ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ፣ ሲምል፣ አማቹን ሲራገም ዝም ብላ ትሰማውና «ጨረስክ?» ትለዋለች። ከዚያ የሰውየውን የግማሽ ቀን እሮሮ በጥቂት መስመር ትጽፍና የታይፕ መኪናዋን አራት ነጥብ ቸብ ታደርግበታለች። ሕግ ያስተማራት የለም። የጠበቆችን ወረቀት በታይፕ ስትገለብጥ ኖራ ነው የተማረችው፤ በዚህም የተነሳ ጠበቆችን ትንቃለች። «እኔ ፊደላቸውን አርሜ ነው ወደ ዳኛ የማስገባቸው» ትላለች፣ እነሱ እየሰሙ።

ቤቱ የእናቷ ነበር፤ ሦስት ክፍል፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ የተቀጠለ። ፊት ለፊት ሳሎኑ፣ መሃል መኝታ ቤቱ፣ ከዚያ ውስጠኛው ክፍል። ውስጠኛው ክፍል የታናሽ ወንድሟ ነው። ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መለዋወጫ ገዝቼ ልምጣ ብሎ ሌላ ከተማ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሞተ ያላት የለም፤ አለ ያላትም የለም። ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፣ ሆስፒታል ሄደች፣ መናኸሪያ ላይ የሾፌር ረዳቶችን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁሉም ስሙን ጻፉና ሸኟት። በመጨረሻ አልጋውን አንጥፋ፣ የተበታተኑትን ራዲዮኖች በቆርቆሮ ሳጥን ላይ ደርድራ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አደረገችው። የሞተ ሰው ይቀበራል፤ ያለ ሰው ይደውላል። አንዱንም ላላደረገ ወንድም በሩን ከመቆለፍ ሌላ የሚደረግለት ነገር አልታያትም። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ወጣ እንዳለ ነው።

ቤቱን ስትሸጥ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው። ጣሪያው አርጅቷል፣ ጉልበቷም አብሮት አርጅቷል፤ ለሁለቱም የሚሆን ገንዘብ የላትም። ሊገዛ የመጣው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ካፉ በስተቀር የሞላለት ነገር አልነበረም።

«ባንክ ሄጄ ነበር እኮ እትዬ» አላት። «ምን መያዣ አለህ አሉኝ። መቀስ አለኝ አልኳቸው።»

ሳቀች። ሳቋ ብርቅ ነው፤ ከሳቀች ደግሞ ነገር ይላላል። ባንክ ያልሰጠውን እሷ ልትሰጠው ተስማማች፤ ጥቂቱን ቅድሚያ፣ የቀረውን በየወሩ። ውሉን ማንም አልጻፈላትም። ራሷ፣ በገዛ መኪናዋ፣ ምሳዋን ሳትበላ ጻፈችው። ስድስተኛው አንቀጽ፦ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ የቤቱ ባለቤትነት ከሻጭ እጅ አይወጣም። ሰባተኛው አንቀጽ፦ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ ውስጠኛው ክፍል እንደተቆለፈ ይቆያል፤ ገዢም ሆነ የገዢ ቤተሰብ አይገባበትም። ደግማ አነበበችው። ውሃ የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። ለባልደረቦቿ ሁሉ አሳየች፤ አንዱ «ሰውዬውን ቤት ሸጥሽለት ወይስ አሰርሽው?» አላት። እንደ ምስጋና ቆጠረችው።

«ሦስት ክፍል ገዝቼ በሁለቱ ልኑር ነው የሚሉኝ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ብዕሩን ይዞ።

«ለጊዜው።»

«ይሁን። የኔ ነገር ሁሉ ለጊዜው ነው፤ የቆረጥኩት ፀጉር እንኳ ተመልሶ ይበቅላል» ብሎ ፈረመ።

ገቡ። እሱ፣ የሆስፒታል አንሶላ የምታጥበው ሚስቱ፣ እና እናቱ። እናትየው ሞራ ዓይናቸውን የጋረደባቸው፣ ጉልበት የከዳቸው አሮጊት ናቸው። ልጃቸው ጠዋት እጃቸውን ይዞ ያስነሳቸዋል፣ ማታ እጃቸውን ይዞ ያስተኛቸዋል፤ በመካከል ከመሃለኛው ክፍል አልጋቸው ላይ፣ ጀርባቸውን ለውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ሰጥተው፣ ቁጭ እንዳሉ ይውላሉ። ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው እንደዚህ ነው።

አራት ነጥብ ክፍያ ልትቀበል በሄደች ቁጥር ሳሎን ትቀመጣለች። በዚያን ቀን ፀጉር አስተካካዩ ገና ከበር ጀመራት።

«እትዬ፣ ያ ሰውዎ ሌባ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«የውስጠኛው! ባለሱቋ አልነገረችዎትም? ሳፋዬን ወሰደብኝ። ያቺን ሰማያዊዋን፣ ከሥሯ ቀይ መቀስ ያሣልኩባትን፤ እጥበት ላይ ትጠቅመናለች ብዬ ከሱቅ ያመጣኋት ናት። ሚስቴ እኔን አማች፣ እኔ ሚስቴን አማሁ፤ ኋላ ሁለታችንም ተስማምተን እሱን አማን።»

«ሰውም ይሰማሃል እኮ» አለች ሚስቱ ከደጅ። «ቅባቱንስ እሱ ነው የጨረሰው?»

«ቅባቱንማ እማዬ ናት። ለፀጉሯ ብዬ የማመጣላትን ሳምንት አታቆየውም። ትጠጣዋለች መሰለኝ።»

አሮጊቷ ከመሃለኛው ክፍል ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቅ ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ።

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ቀልዱን ተወና ወደ ግድግዳው ወሰዳት። ከእናቱ አልጋ በላይ ቀለሙ አብጦ እንደ ሆድ ወጥቷል፤ ከወለሉ ጀምሮ የጠቆረ ርጥበት ወደ ላይ እየወጣ ነው። በመዳፉ ነካ አደረገው፤ መዳፉ ረጥቦ ተመለሰ።

«ከውስጥ ነው የሚመጣው። ጣሪያ የሚያውቅ ሰው ላምጣ፤ እርስዎ ይክፈቱልኝና አይቶ ይውጣ። ዕቃውን አይነካም።»

«ሰባተኛውን አንቀጽ አንብበሃል?»

«አንብቤያለሁ።»

«ምን ይላል?»

«አይገባም ይላል። ውሃው ግን አላነበበውም፣ እትዬ።»

ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነችው ሴት ቦርሳዋን ዘጋች። ፀጉር አስተካካዩ ደረሰኝ የሚፈረምበት ብዕር ፍለጋ ወጣ። ያኔ ነው አሮጊቷ እጃቸውን በአየር ላይ አንሥተው ልብሷን ፈልገው የያዟት።

«ልጄ፣ ያ ልጅ ይበርደዋል።»

«የቱ ልጅ፣ እማማ?»

«ወንድምሽ ነዋ። ብርድ ልብሱ ሳስቷል። አንድ ጥጉም ተቃጥሏል፤ ካውያ ያረፈበት ነው የሚመስለው። አዲስ ብትገዢለት ምናለ?»

አራት ነጥብ ክው አለች። ያንን ብርድ ልብስ ያቃጠለችው ራሷ ናት፤ ገና ልጅ ሳለች፣ የወንድሟን የትምህርት ቤት ሸሚዝ አልጋው ላይ ስትተኩስ። እናታቸው እንዳታይ ሁለቱ ሆነው የተቃጠለውን ጥግ ወደ ግርጌ አዞሩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋው ሲነጠፍ ያ ጥግ ሁልጊዜ ከፍራሹ ሥር ነው የሚገባው። ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው።

«ማን ነገረዎት?» አለች። ድምጿ የሷ አልመስል አላት።

«ማን ይነግረኛል? እኔና እሱ ጎረቤት አይደለን?»

«ያናግርዎታል?»

«ብዙም አያወራም። ጠብ ጠብ ያደርጋል። የማወራውስ እኔ ነኝ።» አሮጊቷ ልብሷን አልለቀቁም። «ልጄ መቀሱን ሲያንጫጫ ይውላል፣ ምራቴ የሰው አንሶላ ስታሽ ትውላለች። ታዲያ ከማን ጋር ልዋል? ጨዋ ልጅ ነው፤ ዝም ብሎ ይሰማኛል።»

ፀጉር አስተካካዩ ብዕሩን ይዞ ሲመለስ ሻጯን ገንዘቡን ሳትቀበል በር ላይ አገኛት። ሮጦ ነው የሰጣት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አራት ነጥብ የክፍያን ቀን መጠበቅ ተወች። በምሳ ሰዓት የታይፕ መኪናዋን ለባልደረባዋ አደራ ሰጥታ ትመጣለች። ለአሮጊቷ ለስላሳ ዳቦ ትይዛለች፣ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ታዘነብላለች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ወንድሟ ሲያስብ በዊንዲቨሩ እጀታ የቆርቆሮ ሳጥኑን እንደሚመታው ነው። እስከዚያ ድረስ በነገሩ ትስቅ ነበር፤ ባለሱቋንም «ወሬ ሸጠሽ ሳሙናሽን ተይው» ብላት ታውቃለች። አሁን ግን ባለሱቋ «ሰው አለ» ስትል ከሰው ፊት ትገላምጣታለች እንጂ፣ ዞር ሲሉ «ዛሬስ ሰማሽው?» ብላ ትጠይቃታለች።

አንድ ቀን መጥታ አሮጊቷ እንቅልፍ ወስዷቸው አገኘች። ቤቱ ጭር ብሏል። በሩ ፊት ቆመች፤ ክሩን ከአንገቷ አወጣች፤ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች። ከውስጥ ጠብ አለ። ብከፍተውና ቢኖርስ፣ ምን እለዋለሁ? ቤትህን ሸጥኩት እለዋለሁ? ብከፍተውና ባይኖርስ? እዚህ ከሌለ እንግዲህ የትም የለም። በሰው ሁሉ ጉዳይ ላይ አራት ነጥብ ስታስቀምጥ የኖረች ሴት በዚህኛው ላይ ማስቀመጥ አቃታት። ቁልፉን ሳታዞር አወጣችው። እጀታውን እንኳ አልነካችም።

የዝናቡ ወር ሲገባ ፀጉር አስተካካዩ ሁለተኛ ጠየቃት። በዚህኛው ጊዜ ቀልድ አልነበረውም። ባለሱቋ በር ላይ ቆማ፣ ሌሎች ጎረቤቶችም በመስኮት ብቅ እያሉ ነው የተነጋገሩት።

«ግድግዳው ወደ እናቴ አጎንብሷል! እናቴ ናት እዚያ ሥር የምትተኛው!»

«አልጋቸውን ወደ ሳሎን አውጣዋ!»

«አልወጣም አለች! ብሸከማት እሪ አለች! ከልጁ አትለዩኝ አለች!»

ይህን ስትሰማ የተሰማት ነገር ለራሷም አሳፈራት። አዘኔታ አልነበረም። ቅናት ነበር። የኔን ወንድም እሷ ትጠብቃለች፣ አለች በልቧ፤ እኔ ደግሞ በእንግድነት እየመጣሁ በግድግዳ አዳምጣለሁ።

«እትዬ፣ በእናትዎ» አለ፣ ድምጹ ወርዶ። «ጣሪያ ሠሪው ብቻ ይግባ። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ እቆማለሁ። ዓይኔን እጨፍናለሁ ካሉም እጨፍናለሁ።»

«አይሆንም።»

«ግን ቤቱ የማን ነው? እስቲ ይንገሩኝ፤ ቤቱ የማን ነው?»

«ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ» አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «የኔ ነው።»

እሱም ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ በዝናቡ ወደ ሱቁ ሄደ።

የሆነው በቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰማዩ እንደተቀደደ በሚያወርድበት ሰዓት። አራት ነጥብ ፍርድ ቤቱ በር ላይ በላስቲክ ሥር ተጠልላ የአንዲት ሴት የቀለብ ማመልከቻ ስትጽፍ ስልኳ ጮኸ። ባለሱቋ ናት። መጀመሪያ ልቅሶ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ወደቀ» አለች ባለሱቋ በመጨረሻ። «ግድግዳውም ጣሪያውም አንድ ላይ ወረደ። እማማን...»

«በሩስ?» አለች አራት ነጥብ። «በሩ ተከፈተ?»

የጠየቀችውን ራሷ የሰማችው፣ ከጠየቀችው በኋላ ነው። ዕድሜ ልኳን ቃል ስታቃና የኖረች ሴት ይቺን አንዲት ቃል መልሳ መሰረዝ አልቻለችም።

ስትደርስ ሰዎች በአካፋና በእጃቸው እየቆፈሩ ነበር። አሮጊቷን ያወጧቸው ከውስጠኛው ክፍል ወገን፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ነው። «ግድግዳው ሲወርድ ጎትቷቸው ገባ» ተባለ፤ ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ባለሱቋ ሻርፗን አውልቃ እግራቸውን ሸፈነች። ልጃቸው ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የእናቱን ፀጉር ከሲሚንቶ ፍርፋሪ ያጸዳል፤ ጣቶቹ በለመዱት ሥራ ላይ ናቸው፣ ከፋፍሎ፣ አለስልሶ፣ ወደ ኋላ። «ይኸው፣ እማዬ» ይላል። «ይኸው፣ አለቀ።»

በሩ ግን ቆሞ ነበር። ግራና ቀኙ ወድቆ፣ ከላይ ያለው ወድቆ፣ በሩ ብቻውን ከነመቃኑ ተዘግቶ ቆሟል። አራት ነጥብ ዞራው አለፈች። በሌለው ግድግዳ በኩል አይታ ጨረሰች፤ ቆርቆሮ፣ ጡብ፣ ጭቃ፣ ሆዳቸው የተዘረገፈ ራዲዮኖች። ወንድሟ አልነበረም። ያ ሁሉ ዓመት የፈራችው ነገር በአንድ ጊዜ፣ በቀን ብርሃን፣ ዝናብ እየዘነበበት ታየ። እዚያው ቆማ ቀረች፤ ማንም ነይ አላላትም።

ማዘጋጃ ቤት ፍርስራሹን ማንም እንዳይነካው በገመድ አጠረው። መሐንዲስ መጥቶ ከገመዱ ወዲህ ሆኖ ፎቶ አነሣ፤ የተቆለፈው ክፍል ጣሪያ አሸንዳው ተደፍኖ ሲያፈስ እንደኖረና ግድግዳውን ከውስጥ እንደበላው መሰከረ። የቀረው የዳኛ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ሲከሳት አራት ነጥብ ጠበቃ ያዘች፤ ሳትወድ፣ ባልደረቦቿ አስገድደዋት። ትናንትና ከትናንት ወዲያ የተመረቀ የሚመስል ልጅ ነው፤ ወረቀቱን ስታይ ሁለት ስህተት አገኘችበት፣ ግን አልነገረችውም። ያ ነገሯ ከሁሉ በላይ ባልደረቦቿን አስደነገጣቸው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ባገኝ» አላት ኮሪደር ላይ። «ገዢዎቹ ያንን ክፍል ይገቡበት እንደነበር የሚያሳይ። አንድ ምስክር፣ አንድ ዕቃ። የሚጠቀሙበት ከነበረ አደጋውን ያውቁት ነበር እላለሁ፤ ኃላፊነቱ ይከፈላል። ግማሹ ከላይዎ ላይ ይወርዳል።»

«ሰባተኛው አንቀጽ አትግቡ ይላል።»

«አውቃለሁ፣ ግን...»

«አልገቡም። ጨዋ ሰዎች ናቸው። የሌለ ነገር አልፈልግም።»

ዳኛዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ ውሉን አነበበች። አራት ነጥብ የገዛ ጽሑፏን በሰው አፍ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው፤ ያምራል። አንድ ቃል አልተዛነፈም።

«ሻጭ ቤቱን በዱቤ ሸጠዋል» አለች ዳኛዋ። «ማለትም ሻጭም አበዳሪም ሆነዋል። ብድሩ እንዳይቀርባቸው ባለቤትነቱን በእጃቸው አስቀርተዋል፤ መብታቸው ነው። ነገር ግን ባለቤትነት እየመረጡ የሚይዙት ነገር አይደለም። ዋስትናውን የያዘ እጅ፣ ቤቱ በሰው ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት አብሮ ይዟል። ክፍሉን ቆልፈዋል፤ ቁልፉ ከእርስዎ ሌላ ማንም ዘንድ የለም፤ እንዲከፍቱ ተለምነዋል። በጎረቤት ፊትም ቤቱ የኔ ነው ብለዋል። ብለዋል?»

«ብያለሁ» አለች።

ባለሱቋ ምስክር ሆና መጥታ ነበር። ስለ ስልኩ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። ወሬ አያድርባትም የተባለችው ሴት ያንን አንዱን ይዛው ቀረች። አራት ነጥብ ቢነገርባት ይሻላት ነበር።

ተፈረደ። የቀረው ክፍያ ተሰረዘ፣ ቤቱ ወደ ገዢው ስም ዞረ፣ ካሳው ካላት አልፎ ከምታገኘው እየተቆረጠ እንዲከፈል ተወሰነ። ጠበቃው ይግባኝ ካላልን ብሎ ለመናት። ባልደረቦቿ ይግባኙን ራሳቸው ጽፈው አመጡላት፤ እንድትፈርም ብቻ። አንብባ፣ አንድ ሰረዝ አርማ፣ ሳትፈርም መለሰችላቸው። የይግባኙ ጊዜ አለፈ። እሷም በፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ማመልከቻዋን መጻፏን ቀጠለች፤ ባለጉዳይ ሲያለቅስ «ጨረስክ?» ማለቱን ግን ትታዋለች። እስኪጨርስ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ባለጉዳዩ ከሄደ በኋላም ትጠብቃለች፤ ከላስቲኩ ጫፍ ውሃ ሲንጠባጠብ ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ እንዳሉ ቆመው ይቀራሉ።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ባለሱቋ መልእክት አመጣችላት። ፀጉር አስተካካዩ ፍርስራሹን ሊያስጠርግ ነው፤ የወንድምሽን ዕቃ መጥተሽ ውሰጂ ብሏል።

ሄደች። ገመዱ ተፈትቷል። ፀጉር አስተካካዩ ጡብ እየለቀመ ነበር፤ ሰላም አላላትም፣ ሂጂም አላላትም። ሚስቱ በርሜል ላይ ተቀምጣ ፊቷን አዞረች። አንድ አናጢ የቆመውን በር ዙሪያውን ያየዋል።

«ጥሩ እንጨት ነው፣ ያገለግላል» አለ አናጢው። «ቁልፉ አንቺ ዘንድ ነው አሉ። ሳልሰብረው ብከፍተው ይሻላል።»

ክሩን ከአንገቷ አወጣች። አናጢው እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ራሷ ሄዳ አስገባችው። በሁለቱም በኩል መንገድ ክፍት እያለ፣ ሜዳ ላይ ቆመው በር ሲከፍቱ ማየት ለመንገደኛ የሚያስቅ ነገር ነው። አዞረችው። ዞረ። ደግማ አዞረችው፤ ደግሞ ዞረ። ምንም አልያዘውም፤ እንደ ራዲዮ ቁልፍ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

አናጢው ገፋ አድርጓት ጎንበስ አለ፤ በበሩና በመቃኑ መካከል በአንድ ዓይኑ አየ።

«ይሄ ምላስ የለውም እኮ» አለ። «ተሰብሮ ውስጥ ወድቋል። ስብራቱ ራሱ ዝጓል፤ ስንት ዘመኑ! ይሄ በር ተቆልፎ አያውቅም።»

በአንድ ጣቱ ገፋው። በሩ ተከፈተ። ድምጽ አላሰማም።

«ማጠፊያውን ደግሞ ማን ነው እንዲህ የተንከባከበው?» አናጢው ጣቱን ማጠፊያው ላይ አሸት አደረገና ወደ አፍንጫው ወሰደው። «የማሽን ዘይት አይደለም። ይሸታል። የፀጉር ቅባት ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ጡቡን ከእጁ ጣለ። ማንንም ሳያይ በተከፈተው በር ገባ፤ በጎን መግባት ሲችል በበሩ ነው የገባው። ከወንድምየው አልጋ በላይ የወደቀውን ቆርቆሮ በሁለት እጁ ይዞ አነሣው፤ አናጢው ሮጦ አገዘው። አራት ነጥብ መቃኑን ይዛ ከኋላቸው አየች። አልጋው እግሩ ተሰብሯል፣ ግን ተነጥፏል። ብርድ ልብሱ በጥንቃቄ ተጎትቶ፣ የተቃጠለው ጥግ ከፍራሹ ሥር ወጥቶ፣ በማያይ ዓይን በወፍራም ክር ተጠግኗል።

ከቆርቆሮው ሳጥን አጠገብ፣ ጣሪያው ያፈስበት ከነበረው ቦታ ሥር፣ ሰማያዊዋ ሳፋ እስከ አፏ ሞልታለች፤ ከሥሯ ቀዩ መቀስ በውሃው ውስጥ ይታያል። ከአልጋው ግርጌ ደግሞ የአሮጊቷ ነጠላ ጫማ፣ ጋደም ልል ነው ብሎ እንዳወለቀ ሰው፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል።